ለቱርቦ መኪና የሚሆን ትንሽ ራዲያተር በባሕር ዳር ከፍታ፦ ጥያቄና መልስ

አንድ የባሕር ዳር የመኪና ወዳጅ ባለ 2 ሊትር ቱርቦ መኪናው ላይ ትልቅ ኢንተርኩለር (ቱርቦው ጨምቆ ያሞቀውን አየር ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት የሚያቀዘቅዝ ዕቃ) ከፊት ከገጠመ በኋላ ለፋብሪካው ራዲያተር የሚበቃ ቦታ በማጣቱ፣ አነስ ያለ ነገር ግን አቅሙ የማይጓደል ራዲያተር እንዴት ሊነደፍ እንደሚችል ጠይቆ ነበር። ጉዳዩ ብዙዎችን ስለሳበ የተነሡትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እመልሳለሁ። ለስሌት ምሳሌ የምወስደው ኮሩ (ቱቦዎቹና በመካከላቸው ያሉት ስስ ቅጠሎች የሚገኙበት ዋናው ክፍል) 60 በ33 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ማለትም ለአየር የሚጋለጥ ፊቱ 0.2 ካሬ ሜትር የሚሆን ራዲያተር ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የባሕር ዳር አየር እንደ አፋር የሚያቃጥል አይደለም። ታዲያ እዚህ ለራዲያተር ልዩ ስሌት ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ልዩነቱን የሚያመጣው ከሙቀቱ ይልቅ ከፍታው ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ግፊት በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ በተመሳሳይ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚመዝነውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሙቀትን ተሸክሞ የሚወጣው የአየሩ ክብደት ስለሆነ፣ ፋኑ የለመደውን ያህል ሜትር ኩብ ቢስብም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በከፍታ ላይ ጉልበቱ ስለሚወርድ የሚያመነጨው ሙቀትም አብሮ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጉዳቱ በከፊል ይካካሳል። ቱርቦ ያለው ሞተር ግን፣ በተለይ ግፊቱ በኮምፒውተር የሚመራ ከሆነ፣ የጎደለውን አየር ጨምቆ ስለሚያሟላ ጉልበቱም ሙቀቱም እምብዛም አይወርዱም። ሙቀቱ እንዳለ ሆኖ አየሩ ሳስቷል ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። ሞተሩ ለውሃው 60 ኪሎ ዋት ሙቀት ይሰጣል እንበል፤ አየሩ በኮሩ ውስጥ ሲያልፍ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሞቅ ብንፈቅድ በሰከንድ 1.5 ኪሎ ግራም አየር ያስፈልገናል። የውጭው ሙቀት 30 ዲግሪ ሲሆን ይህ አየር በባሕር ጠረፍ ወደ 1.3 ሜትር ኩብ፣ በባሕር ዳር ደግሞ 1.6 ሜትር ኩብ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ በምሳሌ ራዲያተራችን ፊት ላይ የሚያስፈልገው የአየር ፍጥነት በጠረፉ 6.4 ሜትር በሰከንድ ሲሆን በእኛ ዘንድ 8 ይደርሳል። ይህም ብቻ አይደለም፤ በተመሳሳይ የመኪና ፍጥነት አየሩን ከፊት የሚገፋው ግፊት በአምስተኛ ሲቀንስ፣ ያንኑ ክብደት በኮሩ ለማሳለፍ የሚጠየቀው ግፊት ደግሞ በሩብ ያህል ይጨምራል። ከዚህ በታች የምሰጣቸው መልሶች ሁሉ ከዚህ እውነት የሚነሡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ስፋቱን ካጣሁ ውፍረቱን ብጨምርስ? ከ26 ሚሊ ሜትር ወደ 56 ቢሄድ እጥፍ አያቀዘቅዝም?

መልስ፦ አያቀዘቅዝም። አየሩ በኮሩ የመጀመሪያ ግማሽ ውስጥ ሲያልፍ ይሞቃል፤ ወደ ሁለተኛው ግማሽ ሲደርስ ከውሃው ጋር ያለው የሙቀት ልዩነት ስለጠበበ የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። በሌላ በኩል የአየሩን መንገድ በእጥፍ ማርዘም መቃወሚያውን በእጥፍ ገደማ ስለሚያሳድግ፣ የሚያልፈው አየር ራሱ ይቀንሳል። መኪናው በዝግታ ሲሄድና ሥራው ሁሉ በፋኑ ላይ ሲወድቅ፣ ወፍራም ኮር ከቀጭኑ የባሰ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በእኔ አስተያየት ለመንገድ መኪና ከ32 እስከ 40 ሚሊ ሜትር በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ መሄድ የሚገባው አየሩ በጥብቅ ተመርቶ የሚገባበት መኪና ብቻ ነው።

በቱቦዎቹ መካከል የሚታጠፉትን ስስ የአልሙኒየም ቅጠሎች፣ ባለሙያዎች ፊን የሚሏቸውን፣ በተመለከተም ያው ነው። ማጥበቅ የሙቀት መስጫ ገጽን ይጨምራል፤ አየሩን ግን ያንቃል፣ አቧራና ነፍሳትንም ይይዛል። የጠጠር መንገድ ለሚያዘወትር መኪና በአንድ ሴንቲ ሜትር ወደ 5 የሚጠጉ ፊኖች እመርጣለሁ፤ በአስፋልት ብቻ ለሚሄድ 6 ወይም 7 ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ መካኒኬ ቴርሞስታቱን፣ ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ የሚከፍተውን ዕቃ፣ አውጥቶ ጣለው። በኋላ ደግሞ ሌላ ሰው፣ ውሃው በጣም ፈጥኖ ካለፈ ሙቀቱን ለመልቀቅ ጊዜ ስለማያገኝ ፍሰቱን ማዘግየት አለብህ አለኝ። ማንን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱም ምክሮች በየጋራዡ የተለመዱ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ሊታረሙ ይገባል። ከሁለተኛው ልጀምር። ውሃው በዝግ መንገድ የሚዞር ስለሆነ፣ በራዲያተሩ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ሲያጥር የሚመለስበት ጊዜም በዚያው ልክ ይቀርባል። ፍሰቱ ሲጨምር በራዲያተሩ መግቢያና መውጫ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ይጠባል፤ የራዲያተሩ አማካይ ሙቀት ግን ከፍ ስለሚል ለአየሩ የሚሰጠው ሙቀት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በምሳሌያችን 60 ኪሎ ዋት በደቂቃ 90 ሊትር ውሃ ቢወሰድ ውሃው የሚቀዘቅዘው በ10 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። መውጫው ላይ ያለው ቱቦ ትኩስ መሆኑ ራዲያተሩ አለመሥራቱን አያሳይም።

ቴርሞስታቱን ማውጣት ግን ሁለት ጉዳት አለው። ሞተሩ በቀዝቃዛ ጠዋት ወደ ትክክለኛ ሙቀቱ ሳይደርስ ረጅም ጊዜ ይሠራል፤ ይህም ቤንዚን ያባክናል፣ ዘይቱንም ያበላሻል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ መንገድ አብሮ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ከወጣ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ስለሚሆን፣ ውሃ ቀላሉን ቦይ እንደሚመርጥ ሁሉ፣ ከፍሰቱ ብዙው በዚያ በኩል ያልፋል። ሙቀት እንዲቀንስ የተደረገው ነገር ዳገት ላይ ሙቀት ይጨምራል። ወንድሜ፣ አዲስና ትክክለኛ ዲግሪ ያለው ቴርሞስታት ያስገቡ፤ ከማስገባትዎ በፊት በሙቅ ውሃ ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር አድርገው መከፈቱን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ የራዲያተሩ ክዳን ላይ የተጻፈው 1.1 ምን ይጠቅመኛል? ወደ 1.3 ብቀይረውስ?

መልስ፦ በባሕር ዳር ክዳን ከሚታሰበው በላይ ዋጋ አለው። ቁጥሩ ክዳኑ ከውጭው አየር በላይ የሚይዘው ግፊት በባር ነው፤ ግፊቱ ሲጨምር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ይላል። እዚህ ውሃ በክፍት ዕቃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ብዙ ሞተሮች ደግሞ በተለመደው ሥራ ከ90 እስከ 95 ዲግሪ ድረስ ይሞቃሉ። ስለዚህ ላስቲኩ የደከመ ክዳን ያለው ጤናማ መኪና እንኳን ሊፈላ ይችላል። ደኅና የሆነ የ1.1 ክዳን የንጹሕ ውሃን መፍያ ወደ 118 ዲግሪ ያደርሰዋል፤ ኩላንት (ከራዲያተር ውሃ ጋር የሚቀላቀለው ፈሳሽ) ሲጨመር ደግሞ ከዚያ በላይ ይሄዳል። 1.3 ጥቂት ዲግሪ ይጨምራል፤ ነገር ግን ከሞተሩ አንዲት ኪሎ ዋት ሙቀት አያወጣም፣ ያረጁ የጎማ ቱቦዎችንና የፕላስቲክ ታንኮችን ግን ይፈትናል። ክዳኑን በአዲስ ይተኩ፤ ቁጥሩን አይለውጡ።

ጥያቄ፦ ኢንተርኩለሩ ከራዲያተሩ ፊት መሆኑ ምን ያህል ይጎዳል?

መልስ፦ ኢንተርኩለሩ የሞቀ አየር ለራዲያተሩ ያቀብላል፣ የአየሩንም መንገድ ያጠባል። በከፍታችን ቱርቦው የበለጠ ስለሚጨምቅ ኢንተርኩለሩ ራሱ የበለጠ ይሞቃል። ቦታው ከፈቀደ ሁለቱን አጋድሞ፣ ከጎን ሲታዩ የተኛ የእንግሊዝኛው ቪ ፊደል በሚመስል አቀማመጥ መግጠም ይቻላል፤ የማዝዳ አርኤክስ ሰባት ባለቤቶች ይህን ዘዴ ያዘወትሩታል። እያንዳንዱ የራሱን ያልሞቀ አየር ያገኛል። ይህ የማይቻል ከሆነ ኢንተርኩለሩ የራዲያተሩን ፊት በሙሉ እንዳይሸፍን ቁመቱን ማሳጠር ይረዳል።

ጥያቄ፦ እኔ ሥራዬ ብረት ሠራተኛ ነው። ብዙ ገንዘብ ሳላወጣ በእጄ ልሠራው የምችለው የትኛው ማሻሻያ ነው የበለጠ የሚጠቅመው?

መልስ፦ የአየር መምሪያው፣ ማለትም አየሩን ከባምፐሩ ቀዳዳ ወደ ራዲያተሩ የሚመራው የላሜራ ሥራ። በዚህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የማምንበት ይህ ነው፤ ትንሽ ራዲያተር ከትልቁ እኩል እንዲሠራ የሚያደርገውም እርሱ ነው። በባምፐሩ ቀዳዳና በራዲያተሩ መካከል ክፍተት ካለ አየሩ በጎን፣ በላይና በታች ያመልጣል፤ መቃወሚያ ያለበትን ኮር የሚመርጥበት ምክንያት የለውም። በተለመደ መኪና በኮሩ ውስጥ የሚያልፈው አየር ፍጥነት ከመኪናው ፍጥነት ሩብ ያህል ሊሆን ይችላል፤ በደንብ ሲመራ ወደ ሲሶ ይጠጋል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 28 ሜትር ገደማ፣ ሩቡ 7 ሜትር፣ ሲሶው ከ9 ሜትር በላይ ነው። ከላይ የጠቀስነው 8 ሜትር በሁለቱ መካከል የሚወድቅ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ያለ መምሪያ የማይበቃው ራዲያተር በመምሪያ ይበቃል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ከባምፐሩ ቀዳዳ ጀምሮ እስከ ኮሩ ጠርዝ ድረስ አራቱንም ጎን በስስ የአልሙኒየም ላሜራ ይዝጉ፤ መጋጠሚያውን በስፖንጅ ጎማ ይድፈኑ። መግቢያው ከኮሩ ፊት ሊያንስ ይችላል፤ እንዲያውም ከግማሽ ያላነሰ መግቢያ ቀስ በቀስ እየሰፋ ወደ ኮሩ ሲደርስ አየሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ግፊት ስለሚያገኝ በእኩል ይሰራጫል። የእንግሊዙ መሐንዲስ ሜሬዲት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለአውሮፕላን ራዲያተሮች ያቀረበው ሐሳብ በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነበር። መውጫውንም አይርሱ፤ አየሩ በሞተሩ ክፍል ውስጥ ከታፈነ መግቢያው ቢያምርም አይገባም። ኮፈኑ ላይ፣ ከራዲያተሩ ጀርባ ወዲያውኑ፣ ወደ ኋላ የሚከፈት መውጫ ማውጣት ይጠቅማል፤ ከመስታወቱ ሥር ያለው ሥፍራ ግን ግፊት ያለበት ስለሆነ እዚያ የሚከፈት ቀዳዳ አየር አያወጣም።

ጥያቄ፦ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ዓባይ በረሃ ላይ ያስፈራኛል። ትንሹ ራዲያተር ይችለዋል?

መልስ፦ 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪናን ከድልድዩ ተነሥቶ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍ ለማድረግ 19 ሜጋ ጁል ሥራ ያስፈልጋል። በ25 ደቂቃ ከተወጣ አማካዩ 13 ኪሎ ዋት ብቻ ነው፤ የጎማው መጎተት ሲጨመርበትም ወደ 15 ይደርሳል፣ ለውሃው የሚተርፈው ሙቀትም ከ20 ኪሎ ዋት እምብዛም አይዘልም። ይህን ትንሹ ራዲያተር ይችለዋል። የሚያፈላው ከከባድ መኪና ጀርባ በዝግታ እየተጓዙ፣ ለመቅደም ደጋግሞ ነዳጅ መርገጥ ነው፤ ያን ጊዜ ቱርቦው ሙሉ ሙቀት ሲያመነጭ ከፊት የሚገባ ነፋስ የለም። ለዚህም ፋኑ ሙሉውን ኮር በሚሸፍን መከለያ ውስጥ መሆኑን ያረጋግጡ። ዳገቱን ጨርሰው ሲቆሙ ሞተሩን ወዲያው አያጥፉ፤ ቱርቦው በዘይትና በውሃ እንዲቀዘቅዝ አንድ ሁለት ደቂቃ ይስጡት።

ጥያቄ፦ የፖሊቴክኒክ ተማሪ ነኝ። ኮሩን ራሱን እዚሁ መሥራት እንችላለን? ወይስ በመዳብ ብናደርገው ይሻላል?

መልስ፦ መዳብ ሙቀትን ከአልሙኒየም በተሻለ ያስተላልፋል፤ በጥንቱ ራዲያተር ግን ቱቦዎቹ የናስ፣ መጋጠሚያዎቹም የእርሳስ ብየዳ በመሆናቸው ብልጫው ይጠፋል፣ ክብደቱም ብዙ ነው። ጥሩ ጎኑ በማንኛውም ራዲያተር ጠጋኝ ዘንድ መበየዱ ነው፤ ለገጠር መንገድ መኪና ይህን አልንቅም። የአልሙኒየም ኮር ግን ወደ 600 ዲግሪ በሚደርስ ናይትሮጅን በሞላበት ምድጃ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚጣበቅ ስለሆነ፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ኮር ገዝታችሁ ታንኮቹን እዚህ ሥሩ። የታንኩ ላሜራ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ብየዳው በአርጎን ጋዝ ይሁን። 33 በ6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ገጽ በ1.1 ባር ግፊት ከ200 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ጭነት እንደሚቀበል አስሉ፤ ስለዚህ ጠፍጣፋ ሳይሆን ጎበጥ ያለ ቅርጽ ስጡት፣ ወይም መወጠሪያ ጨምሩበት። ራዲያተሩ ሲሞቅ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚረዝም በብሎን አጥብቃችሁ አትሰሩት፤ በጎማ ላይ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ የጣናን ውሃ ወይም የቧንቧ ውሃ መጨመር ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። የተጣራ የባትሪ ውሃና ለአልሙኒየም የሚሆን ኩላንት እኩል በእኩል ይቀላቅሉ። ቀዳዳ የሚደፍን ዱቄትም በፍጹም አይጨምሩ፤ የትንሽ ራዲያተር ቱቦዎች ጠባብ ስለሆኑ ቀድመው የሚደፈኑት እነርሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ተሠርቶ ሲያልቅ መሥራቱን እንዴት አውቃለሁ?

መልስ፦ ከመግጠምዎ በፊት በውሃ ገንዳ ውስጥ አጥልቀው በ1.5 ባር አየር ይፈትሹት። ከተገጠመ በኋላ በመግቢያውና በመውጫው ላይ ሁለት የሙቀት መለኪያዎች ያስገቡ፤ የፎገራ ሜዳ ረጅምና ደልዳላ ስለሆነ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ በተፈቀደው ፍጥነት ሙቀቱ እስኪረጋ ድረስ ይንዱ፣ የውጭውንም ሙቀት ይመዝግቡ። ዋናው ልኬት በውሃውና በውጭው አየር መካከል ያለው ልዩነት ነው። በ25 ዲግሪ ቀን ውሃው 90 ላይ ቢረጋና ቴርሞስታቱ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ከነበረ፣ በ38 ዲግሪ ቀን በዚያው ጭነት 103 ይደርሳል ብለው ይጠብቁ። ይህ ቁጥር ካላረካዎት መጀመሪያ በመምሪያው ዙሪያ አየር የሚያመልጥበትን ክፍተት ይፈልጉ፤ ኮሩን ለመቀየር የሚያስቡት ከዚያ በኋላ ይሁን።