ከወረዳ እስከ ቢሮ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። ጤና መኮንን ነኝ፤ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ውስጥ በዕቅድ ባለሙያነት እሠራለሁ። ሐሳቤ ቢሮ ወይም ሚኒስቴር ገብቼ ፖሊሲ ላይ መሥራት ነው። ጓደኞቼ «ወረዳ ተቀምጠህ ጊዜህን አታቃጥል፤ ማስተርስህን ያዝና አዲስ አበባ ግባ» ይሉኛል። እርስዎ ከጤና ጣቢያ ተነሥተው የክልል ቢሮ ኃላፊነት ደርሰዋል። ምን ይመክሩኛል?
(ከደቡብ ወሎ)

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ልጄ። ማስተርሱን ተማር፤ በዚህ ከጓደኞችህ ጋር አልጣላም። ያለ ኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ስርጭት ጥናት) እና ያለ ጤና ኢኮኖሚክስ ዛሬ ብዙ መራመድ አይቻልም። ወረዳን ጊዜ ማቃጠያ ማለታቸውን ግን አልቀበልም።

አንድ ነገር ላጫውትህ። ቢሮ ሳለሁ የክትባት ሪፖርት ሳይ፣ አንድ ጤና ኬላ ላይ ፔንታ ሦስት፣ ማለትም የፔንታ ክትባትን ሦስተኛ ዙር፣ የወሰዱት ሕፃናት የመጀመሪያውን ዙር፣ ፔንታ አንድን፣ ከወሰዱት በለጡብኝ። ለአንድ ወር ያጋጥማል። ወር በወር ሲደጋገም ግን ልክ አይደለም። ስልክ ደውለን «አስተካክሉ» ብንል፣ ያማረ ቁጥር ይላክልን ነበር። ስለዚህ ሄድኩ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መዝገቡን ዘርግታ አሳየችኝ። ሞልቷል። ቀድሞ የተመዘገበ ልጅ ሦስተኛውን ሲወስድ ስሙ ፊት ትጽፍለታለች። አዲስ ልጅ የሚጻፍበት መስመር ግን የለም፤ እሱን በደብተር ቅጠል ትይዘዋለች። ሪፖርቱ የሚወጣው ደግሞ ከመዝገቡ ነው። እኛ ቢሮ ቁጭ ብለን ለባለሙያዎቹ ሥልጠና ልናዘጋጅ ነበር። ልጅቷ የቸገራት መዝገብ ነው! ይህን ማየት የቻልኩት ወረዳ ሳለሁ እንዲህ ያለ መዝገብ በእጄ ስለሞላሁ ነው።

የአንተ ሙያም መነሻው ገጠር ነው። የጎንደሩ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት ጤና መኮንን፣ ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) እና ኮሙኒቲ ነርስ አብሮ እያሠለጠነ በቡድን ወደ ገጠር ይልክ ነበር።

አሁን ወደ ፖሊሲው ልምጣ። የ1993ቱ (እ.ኤ.አ.) የጤና ፖሊሲ መከላከል ይቅደም አለ። ያ ቃል ቀበሌ ድረስ የወረደው ግን በ2003 (እ.ኤ.አ.) የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ነው። ለአንድ ቀበሌ፣ ማለትም አምስት ሺህ ለሚሆን ሕዝብ፣ ሁለት ሴቶች ተመደቡ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ነበሩ፤ አንድ ዓመት ሠለጠኑ። ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ደርሷል። ብዙ ሰው ስለ ሥልጠናው ያወራል። በእኔ እምነት ትልቁ ውሳኔ ደመወዙ ነው። በጎ ፈቃደኛ አልተባሉም፤ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። ደመወዝ ደግሞ በየዓመቱ በጀት ይፈልጋል፤ ያ በጀት የሚደለደለው ወረዳ ላይ ነው።

ስለዚህ በጀት ተማር። የወረዳችሁ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሂድና የጤናውን ድርሻ አሳዩኝ በል። ደመወዝ ተከፍሎ ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈውን ስታይ ትደነግጣለህ። መድኃኒት ማጓጓዣው፣ የሞተር ብስክሌቱ ነዳጅ፣ የክትባት ማቀዝቀዣው ጥገና፣ ሁሉም ከዚያችው ነው። የጤና ጣቢያዎቹን የውስጥ ገቢም እይ፤ ቦርዱ በምን ላይ እንዳዋለው ጠይቅ። ሚኒስቴር ገብተህ «ወረዳዎች ይፈጽማሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ስትጽፍ፣ በምን ብር እንደሚፈጽሙ የምታውቅ ሰው መሆን አለብህ። እንደዚያ ዓይነት ሰው እላይ በጣም ያስፈልጋል፤ አውቀዋለሁ፣ ስንፈልግ እናጣ ነበር።

የማስተርስ ማመልከቻህን ዘንድሮውኑ አስገባ። ከሐምሌ የሚጀምረው በጀት ለካቢኔ ሲቀርብ ደግሞ ኃላፊህን «አብሬ ልግባ» በለው።