መስታወቱ የማያሳያችሁ

የጎንደር ልጆች፣ ጤና ይስጥልኝ።

እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ወገቡ ከተያዘ፣ ጉልበቱ ካበጠ፣ ትከሻው አልነሣ ካለው ሰው ጋር ነው። በከተማችን ስፖርት የሚሠራ ወጣት ሳይ ደስ ይለኛል፤ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አብዛኞቻችሁ የምትሠሩት የሚቀናችሁን ብቻ ነው። ሯጩ ክብደት አይነካም፣ ክብደት አንሺው ሩጫ ሲባል ያመዋል፣ ኳስ ተጫዋቹ ሰውነትን ማሳሳብ ጊዜ ማባከን ይመስለዋል። እኔ ዘንድ ይዟችሁ የሚመጣው ጉዳት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከተዋችሁት በኩል የመጣ ነው።

የሰውነት ማጎልመሻ መምህራችሁ እንዳስጻፏችሁ፣ ለጤና የሚያስፈልገው የአካል ብቃት አምስት ነገር ይይዛል፦ የልብና የሳንባ ብርታት፣ የጡንቻ ጥንካሬ፣ የጡንቻ ብርታት፣ መተጣጠፍ፣ እንዲሁም የሰውነት የስብና የጡንቻ መጠን። ፍጥነት፣ ቅልጥፍናና ሚዛን መጠበቅ የስፖርተኛ ድርሻ ናቸው ይባላል። እኔ ግን ሚዛን መጠበቅን ለሁሉም ሰው አዝዘዋለሁ፤ ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ አዛውንት ብዙ አይቻለሁና።

ከሁሉ በፊት ልብና ሳንባ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከቆላው ያንሳል። ከመተማ ለትምህርት የመጣ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዳገት ላይ ቁና ቁና የሚተነፍሰው ለዚህ ነው፤ ሳምንታት ሲያልፉ ሰውነቱ ቀይ የደም ሴል እየጨመረ ይለምደዋል። እናንተ እዚሁ ያደጋችሁት ይህን በነፃ አግኝታችሁ ነበር፣ ባጃጅ ግን እየቀማችሁ ነው። ከፒያሳ አራዳ ለመሄድ ባጃጅ ቆሞ የሚጠብቅ ጎረምሳ ሳይ፣ እግሩ ምን ሆኖ ይሆን ብዬ ሙያዬ ሆኖብኝ ቁልቁል አየዋለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ደግሞ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ። መካከለኛው የቱ እንደሆነ ለማወቅ ውድ ሰዓት መግዛት አያስፈልግም። ወደ ጎሃ የሚያወጣውን ዳገት ከጓደኛችሁ ጋር ውጡት። እያወራችሁ መሄድ ችላችሁ መዝፈን ካቃታችሁ መካከለኛው እሱ ነው። ሁለት ሦስት ቃል ተናግራችሁ ትንፋሽ ለመሳብ ካቋረጣችሁ ጠንከር ያለው ውስጥ ገብታችኋል። አናቱ ላይ ስትደርሱ ሁለት ጣታችሁን በአውራ ጣታችሁ በኩል አንጓችሁ ላይ አሳርፉና የልብ ምታችሁን ለ15 ሰኮንድ ቆጥራችሁ በ4 አባዙት። አንድ ደቂቃ አርፋችሁ ድገሙት። ልምምዱን ካላቋረጣችሁ በዚያች አንድ ደቂቃ ዕረፍት ቁጥሩ የሚወርደው ከወር ወር እየጨመረ ሲሄድ ታያላችሁ። ይህን ለውጥ የጂም መስታወት አያሳያችሁም።

ጥንካሬንና ብርታትን ብዙዎቻችሁ ታምታቱታላችሁ። አራዳ ገበያ ጫኝና አውራጆቹን ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። አንድ ኩንታል ጤፍ፣ ማለትም 100 ኪሎ፣ ከመኪናው ላይ ትከሻው ላይ ሲያወርዱለት ሳይንገዳገድ የሚራመደው ሰው ያሳያችሁ ጥንካሬን ነው። ሲመላለስ ውሎ ማታም ሲራመድ ያያችሁት ብርታት ነው። ቡና ስትወቅጥ ክንዷ የማይዝል እናት ብርታት አላት፤ ኩንታሉን ግን ተሸከሚ አትባልም። ለጥንካሬ ከበድ ያለውን ጥቂት ጊዜ አንሥታችሁ በደንብ ማረፍ፣ ለብርታት ቀለል ያለውን ደጋግማችሁ ባጭሩ ማረፍ ነው። ዋና ዋና ጡንቻዎችን ሁሉ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን አሠሯቸው የሚል ምክርም አለ። እግር፣ መቀመጫ፣ ጀርባ፣ ሆድ፣ ደረት፣ ትከሻና ክንድ ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ጎረምሶቻችን የሚሠሩት ደረትና ክንዳቸውን ነው።

እንዲህ ያለ አንድ ልጅ ወገቡን ይዞ መጣ። ደረቱ ሸሚዙን ሊቀድ ደርሷል። መሬት ላይ እግሩን ዘርግቶ ጣቶቹን ወደ እግሩ እንዲሰድ ስጠይቀው ከጉልበቱ ትንሽ አለፍ ብሎ ቀረ፤ የኋላ ጭኑ እንደ ክራር ክር ተወጥሯል። በጀርባው ተኝቶ ዳሌውን እንዲያነሣ ሳደርገው መቀመጫው ዝም ብሎ ወገቡ ብቻውን ይታገላል። ኪኒን ፈልጎ ነበር የመጣው። እኔ ግን የኋላ ጭኑን ሳያነጥር ለ30 ሰኮንድ ያህል እየያዘ እንዲስብና ዳሌ ማንሣቱን ቤቱ እንዲለማመድ ነግሬ ሰደድኩት። ፊቱ ላይ ቅሬታ ነበር፤ ግድ የለም።

እንዲህ ረዘም አድርጎ መሳብ ሰውነት ከሞቀ በኋላ፣ በልምምዱ መጨረሻ ላይ ይሁን። ከጨዋታ በፊት የሚሻለው ሶምሶማና እግር ማወዛወዝ ነው፤ የፋሲል ከነማ ልጆች ሲያሟሙቁ ተመልከቱ። በትከሻ በኩል እንኳ እዚህ አገር ብዙ የምናማርርበት የለም። እስክስታ የሚወርድ ሰው የትከሻው አጥንት በጀርባው ላይ እንደልቡ ይንሸራተታል። ሕመሙ ለቆ ትከሻው የደረቀበት ታካሚ ሲገጥመኝ ሠርግ ላይ ወንበር እንዳይዝ አዘዋለሁ።

ስለ ስብና ጡንቻ መጠን ብዙ አልልም። ሚዛን ኪሎውን እንጂ ከምን እንደመጣ አይነግራችሁም፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ይሻላል። ወገብ በወንድ ከ94፣ በሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ የስኳርና የልብ ሕመም ሥጋት ይጨምራል። በጾም ወራት ፕሮቲን አጣን ብላችሁ ልምምድ የምታቆሙ፣ ወይም በቆርቆሮ የታሸገ ዱቄት ፍለጋ የምትንከራተቱ አላችሁ። ሽሮውና ምስሩ ከእንጀራ ጋር ሲበላ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል፤ ወጡን ብቻ በርከት አድርጉት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ደግሞ ከበድ ያለውን ልምምድ ወደ መብያ ሰዓታችሁ አስጠጉት።

አንድ ጉዳይ ቀረኝ። ጀማሪ ትንፋሽ ቢያጥረው አይገርምም። ነገር ግን አብረውት የጀመሩት ሲለምዱ እሱ የሚብስበት፣ ደረቱን የሚወጋው ወይም ሲሮጥ ራሱን የሚስት ልጅ ካለ ሰነፍ አትበሉት። በአገራችን ወጣቶች ላይ ሩማቲክ የሚባለው የልብ ቫልቭ ሕመም አለ። በልጅነት የያዘ የቶንሲል ሕመም በወጉ ሳይታከም ሲቀር ይመጣል፤ ለዓመታትም ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ሐኪሙ ልቡን አዳምጦ አልትራሳውንድ ያዝለታል። ሕመሙ ከተገኘም እንዳይባባስ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው የፔኒሲሊን መርፌ አለ። የትኛው ልምምድ፣ ምን ያህል እንደሚፈቀድለት የሚነግረው የልብ ሐኪሙ ነው፤ እስከዚያው የጎሃን ዳገት ይተወው።