ቁጥር ስላወጣችሁ ብቻ ዜድዜድፔ አትሆኑም

ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድማችን ስልኩን አውጥቶ መልእክት አሳየኝ። ፅዳት የሚያሠራው ድርጅት «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ከግል ሠራተኞች ጋር አንሠራም» ይላል። የግል ሠራተኛ ማለት ሳይቀጠር በራሱ ስም የሚሠራ፣ ደቾቹ ዜድዜድፔ የሚሉት ነው። ልጁ ደንግጧል። «ጋሼ፣ አዲስ ሕግ ወጣ እንዴ?»

አልወጣም። ሆላንድ ውስጥ የግል ሠራተኞችን የሚመለከተው ሕግ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ አለ። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት፣ ቤላስቲንግዲንስት፣ ግን አሠሪው ሆን ብሎ ካላጭበረበረ ወይም የተሰጠውን ማሳሰቢያ ችላ ካላለ በቀር አይነካውም ነበር። ያ እፎይታ ጃንዋሪ 1 ቀን 2025 አበቃ። አሁን መርምሮ «ይሄ ሰው ዜድዜድፔ ሳይሆን ተቀጣሪ ነው» ካለ፣ ያልተከፈለውን ግብርና መዋጮ አሠሪውን ይጠይቃል። ድርጅቶቹ የተርበተበቱት ለዚህ ነው።

«እኔ እኮ ካመር ፋን ኮፕሃንደል፣ ንግድ የሚመዘገብበት ቦታ፣ ተመዝግቤያለሁ፤ የቫት ቁጥርም አለኝ» አለኝ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ምዝገባው ብቻውን ነጋዴ አያደርግም። ውሉ ላይ የተጻፈውም አያድንም። የሚታየው ሥራው በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ነው።

ስለዚህ ጠየቅኩት። ሰዓትህን ማን ይወስናል? እነሱ። ማሽኑስ የማነው? የእነሱ። ስትታመም ሌላ ሰው ትልካለህ? ሳቀ። ሌላ ደንበኛስ? የለም፤ ሦስት ዓመት እዚያው ነው። ዋጋውን ማን ቆረጠ? እነሱ። «ሂሳብ መጠየቂያውንም ራሳቸው ናቸው የሚያዘጋጁልኝ» ብሎ ጨመረበት። ወንድሜ፣ ይሄ ምኑ ነው ንግድ?

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማርች 2023 ላይ ምግብ ቤት ለቤት በሚያደርሰው ኩባንያ በዴሊቨሩ አድራሾች ጉዳይ የመዘነው እንዲህ ያለውን ነገር ነው። ወረቀቱ የግል ሠራተኞች ይላቸው ነበር፤ ፍርዱ ግን ተቀጣሪ ናቸው አለ። አንድ ምልክት ብቻውን አይወስንም፤ ሁሉም ተደምሮ ነው የሚመዘነው። በራሱ ዋጋ የሚሠራ፣ ብዙ ደንበኛ ያለው፣ ኪሳራውንም ራሱ የሚሸከም ሰው በዚህ ወሬ እንቅልፍ ማጣት የለበትም።

እንደዚህ ልጅ የሆናችሁ ግን ዝም ብላችሁ አትሰናበቱ። የቅጥር ውል ጠይቁ። የሰዓት ክፍያው ሊቀንስ ይችላል፤ አውቃለሁ፣ ያናድዳል። ግን ደምሩት። 8 በመቶ የዕረፍት ገንዘብ አለ። ብትታመሙ ውሉ እስካለ ድረስ እስከ 2 ዓመት ቢያንስ 70 በመቶ ደመወዝ ይከፈላችኋል። ዜድዜድፔ ሆኖ ወገቡን የታመመ ሰው ማን ይከፍለዋል?

ሌላው ደግሞ ወደ ኋላ ቀን የተጻፈበት ወረቀት አምጥተው «ፈርም» ቢሏችሁ እንዳትፈርሙ። ተቀጣሪ ነበራችሁ ከተባለ፣ ለግል ሠራተኛ የሚሰጠው የግብር ቅናሽ ሊሰረዝባችሁ ስለሚችል ትንሽ ገንዘብ ለብቻ አስቀምጡ። ሰነዶቻችሁን 7 ዓመት ያዙ። ገቢያችሁ አነስተኛ ከሆነ ዩሪዲስ ሎኬት የሚባለው የሕግ ምክር ቢሮ በነጻ ያማክራችኋል፤ ደች አልችልም ብላችሁ አትቅሩ፣ የሚችል ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

ውል የሚጠይቀውን መልእክት አብረን ጻፍን። ከመላኩ በፊት ግን ልጁ የሥራ ፕሮግራሙ ያለበትን አፕ ከፍቶ ወር በወር ስክሪንሾት ማንሳት ጀመረ። ከአፑ ካስወጡት ሁሉም ይጠፋበታል። ቡናው እስኪቀዘቅዝ እሱን ስንሠራ ቆየን።