የአንባቢያን ጥያቄ፦ ክሮምፎርድና ውሃዋ

ጥያቄ፦ የእንግሊዟ ክሮምፎርድ በደርወንት ወንዝ ዳር ሳለች፣ የመጀመሪያው የጥጥ መፍተያዋ ለምን በወንዙ አልተንቀሳቀሰም?

መልስ፦ የመፍተያው መሥራች ሪቻርድ አርክራይት እ.ኤ.አ. በ1771 የመረጠው የቦንሳልን ጅረትና የእርሳስ ማዕድን ጉድጓዶችን ውሃ የሚያስወጣውን የምድር ውስጥ ቦይ ነው። ብልህ ምርጫ ነበር! ከምድር የሚወጣው ውሃ ሞቅ ስለሚል በብርድ ወራት በረዶ አይሠራም፤ መፍተያውን የሚያንቀሳቅሰው የውሃ መዘውርም አይቆምም። ትልቅ ወንዝ ግን ሲሞላ ከመዘውሩ ሥር ያለው ውሃ ከፍ ብሎ ዙሩን ያንቀዋል።

በኋላ እ.ኤ.አ. በ1776 ገደማ በኖርዝ ስትሪት ለሠራተኞች ባለ ሦስት ደርብ ቤቶች ተሠሩ፤ ላይኛው ደርብ የሽመና ክፍል ነበር። ሴቶችና ሕፃናት መፍተያው ውስጥ ይውሉ ነበር፤ ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

ያው ውሃ ግን ከዳ። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ሜርብሩክ የተባለው፣ ዝቅ ብሎ የተቆፈረው ቦይ የማዕድኑን ውሃ ወደ ራሱ ሳበው፤ የመዘውሩም ጉልበት ደከመ።