«የደረሰብኝን ልነግራት ሄጄ ስለ እግሬ ጠየቀችኝ»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። የ31 ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በ2013 ሚያዝያ አጣዬ ስትቃጠል የእኛም ቤት አብሮ ተቃጠለ። ተኩሱ እየተሰማ ልጆቼን ይዤ በእግሬ ወጣሁ። አሁን ቤት ተከራይቼ እንጀራ እየጋገርኩ እሸጣለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጆቼ ይማራሉ፣ እንበላለን። ሰውነቴ ግን ደህና አይደለም። እዚህ አገር በረዶ ሲጥል ታውቁታላችሁ፣ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጆሮ ያደነቁራል። ያኔ እጄ ላይ ያለውን ሁሉ እጥላለሁ። ልቤ አፌ ውስጥ ሊወጣ ይደርሳል፣ ጉልበቴ ይከዳኛል። አንዳንዴም ደርቄ እቀራለሁ፤ ልጄ «እማ፣ እማ» እያለች ስትጎትተኝ እንኳ አልሰማትም። ልቤን ተመርምሬ ምንም የለብሽም ተባልኩ። ዘመድ «ቻይው፣ ያለፈውን እርሺው» ይለኛል። በመጨረሻ ጓደኛዬ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ወሰደችኝ። የደረሰብኝን ልነግራት ሄጄ ስለ እግሬ ጠየቀችኝ! «አሁን እግርሽ ወለሉን ሲነካ ምን ይሰማሻል? ይህን ስትነግሪኝ ሰውነትሽ ላይ የት ጋ ነው የሚሰማሽ?» ትለኛለች። ታሪኩን ስጀምር ደግሞ መሀል ላይ ታስቆመኛለች። የቀለደችብኝ መሰለኝና ሁለተኛ አልሄድኩም። እውነት ይሄ ሕክምና ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የጥያቄሽን መልስ አስቀድሜ ልንገርሽ፦ አዎ፣ ሕክምና ነው። አልቀለደችብሽም። ነገር ግን ምን እንደምትሠራና ለምን እንደምትሠራው ቀድማ ልታስረዳሽ ይገባ ነበር። አለማስረዳቷ ትንሽ ጥፋት አይደለም፣ ይህን ያህል ተሸክመሽ ሄደሽ ግራ ተጋብተሽ ተመልሰሻልና።

እስቲ ወደዚያች ቀን ጥቂት ብቻ እንመለስ። ልጆችሽን ስታነሺ «ልሩጥ ወይስ ልቀመጥ» ብለሽ አልተማከርሽም። እግርሽ ቀደመሽ። አንጎላችን ውስጥ በግራና በቀኝ አሚግዳላ የምትባል እንደ ለውዝ ፍሬ ያለች ክፍል አለች። አደጋ ስትሸት ደወል ትደውላለች፤ ሐሳባችን ነገሩን ገና ሳይረዳው ሰውነት ተነስቶ ይሄዳል። ከኩላሊታችን በላይ ካሉት እጢዎች አድሬናሊን ይረጫል። ልብ ይፈጥናል፣ ደም ወደ እግርና ወደ ክንድ ይሮጣል፣ ሆድ ሥራውን ያቆማል፣ አፍ ይደርቃል። ልጆችሽን ይዘሽ እንድትወጪ ያደረገሽ ይሄ ነው። መሸሽም መታገልም የማይቻል ሲመስለው ደግሞ ሰውነት ሌላ ዘዴ አለው፤ ደርቆ ይቀራል። ፈሪ ስለሆንሽ አይደለም የምትደርቂው። ማንም መርጦ አይደርቅም።

ታዲያ ደወሉ ለምን እስካሁን ይደውላል? በረዶው ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የዚያን ቀን ተኩስ ይመስላል፣ አሚግዳላ ደግሞ ዓመተ ምሕረት አታውቅም። ያ የሆነው በ2013 ነው፣ ይሄ ደብረ ብርሃን ነው፣ ይሄ በረዶ ነው ብትያት በወሬ ብቻ አይገባትም። ዘመዶችሽ «እርሺው» ሲሉሽ ክፉ አስበው አይደለም። ግን ቃላቸው ደወሉ ያለበት ቦታ አይደርስም። እዚያ የሚደርሰው ከሰውነትሽ የሚመጣ ወሬ ነው፤ እግሬ መሬት ላይ ነው፣ ጀርባዬ ግድግዳ ነክቷል፣ ትንፋሼ ረግቷል የሚል ወሬ። ባለሙያዋ ስለ እግርሽ የጠየቀችሽ በዚህ ምክንያት ነው።

ደግሞ ይሄ ፈረንጅ ያመጣብን እንግዳ ነገር እንዳይመስልሽ። አማርኛችንን ስሚው። ስናዝን ሆዳችን ይባባል። ስንናደድ አንጀታችን ያርራል። ስንደነግጥ ክው እንላለን፣ ሐሞታችን ይፈሳል። ስንረካ አንጀታችን ቅቤ ይጠጣል፣ ስንተማመን ልባችን ያርፋል። እናቴ የመንዝ ሰው ናት። ክፉ ወሬ ልትሰማ ስትል እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ትል ነበር። ባለሙያዋ «የት ጋ ነው የሚሰማሽ?» ብላ የጠየቀችሽን፣ እናቴ ማንም ሳይጠይቃት ትመልሰው ነበር ማለት ነው። እዚያው አፋችን ላይ ግን «ሆድ ይፍጀው» የሚባልም አለ። ስንቱን ሰው እንደፈጀ በሥራዬ አይቻለሁና ይህን አባባል አልወደውም።

በሙያው በኩል ነገሩ ብዙ ዓመት ቆይቷል። ዩጂን ጄንድሊን የሚባል የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሰው ከባልደረቦቹ ጋር ምክር የሚቀበሉ ሰዎችን ሲያጠና፣ እየተሻላቸው የሚሄዱት መሀል ላይ ቆም ብለው ሰውነታቸው ውስጥ የሚሰማቸውን የሚያደምጡት መሆናቸውን አስተዋለ። ፒተር ሌቪን የሚባል አሜሪካዊ ባለሙያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሶማቲክ ኤክስፒሪየንሲንግ የሚባለውን፣ ጉዳትን በሰውነት ስሜት በኩል የማከም ዘዴ አበጀ። እሱን ያስገረመው የዱር አራዊት ነገር ነበር፤ በየቀኑ እየታደኑ፣ ካመለጡ በኋላ ተመልሰው ሣር ሲግጡ ሲያይ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት 63 ሰዎችን ይዞ፣ 15 ጊዜ በዚህ ዘዴ የታከሙት ተራ ከሚጠብቁት በተሻለ ምልክቶቹ እንደቀለሉላቸው አሳይቷል። 63 ሰው ብዙ አይደለም፣ ይህንንም ልደብቅሽ አልፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. መመሪያው ከከባድ አደጋ በኋላ ለሚመጣው ለዚህ ሕመም (ፒቲኤስዲ ይሉታል) የመከረው፣ ጉዳቱ ላይ ያተኮረ የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምናን እና ኢኤምዲአር የሚባለውን፣ ክፉውን ትዝታ እያሰቡ ዓይንን ወዲያና ወዲህ የማንቀሳቀስ ሕክምና ነው። ስለዚህ ሰውነትን ማድመጥ ለብቻው ሁሉን ይፈታል ብሎ የሚምልልሽ ሰው ካለ አትመኚው። ጥሩ ባለሙያ አንዱን ከሌላው ጋር አዋዶ ይሠራል።

ታሪኩን ስትጀምሪ ለምን ታስቆምሻለች? ወፍራም ጨው ወጥ ውስጥ እፍኝ ሙሉ አይጨመርም፤ ቆንጠር ይደረግና ይቀመሳል። እንደዚያ ነው። ታሪኩን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከዘረገፍሽው ሰውነትሽ ድጋሚ እዚያው እሳት ውስጥ ይገባል፣ ስትወጪም ከመጣሽበት ብሶብሽ ትወጫለሽ። ስለዚህ ትንሽ ትነኪዋለሽ። ደረትሽ ሲጠብ ታቆሚና ሰላም ወዳለው ቦታ ትመለሻለሽ፤ ወደ እግርሽ፣ ወደ መዳፍሽ ሙቀት፣ ወይም ወደ መስኮቱ። ሲረጋ ደግሞ ትንሽ። እንዲህ ስትመላለሺ ሰውነትሽ አንድ ነገር ይማራል፦ መግባት ብቻ ሳይሆን መውጣትም እንዳለ።

ለበረዶው ደግሞ ዝግጅት ይኑርሽ። የደብረ ብርሃን ሰማይ ሲጠቁር አስቀድሞ ይነግርሻል። ምጣዱን አጥፊና ግድግዳ ተደግፈሽ ተቀመጪ። ጋቢ ደርቢ፣ ክብደቱ ትከሻሽ ላይ ይሰማሽ። ተረከዝሽን ወለሉ ላይ ጫን አድርጊ። ዓይንሽን አትጨፍኚ። ቤቱን ዞር ዞር ብለሽ እይና የምታይውን ጮክ ብለሽ ጥሪ፦ ሞሰቡ፣ የልጄ ደብተር፣ ጀበናው። ትንፋሽሽን ስታስወጪ ትኩስ ቡና እፍ እንደምትይው ቀስ ብለሽ አርዝሚው። ይሄ ተራ ማጽናኛ አይደለም። አየር ስናስገባ ልብ ፈጠን ይላል፣ ስናስወጣ ዘግየት ይላል፤ ከአንጎል ሥር ተነስቶ እስከ ሆድ የሚወርደው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው ይህን የሚሠራው። እጅሽ ቢንቀጠቀጥ አትጣዪው፣ መንቀጥቀጡ ራሱ አይጎዳሽም። ለልጅሽም ንገሪያት። «በረዶ ሲጥል እማ ትደነግጣለች፣ ያኔ አትጎትቺኝ፣ ጋቢዬን አምጪና አጠገቤ ተቀመጪ» በያት። ልጅ የምትሠራው ነገር ሲኖራት ፍርሃቷ ይቀላል።

ወደ ባለሙያዋ ተመለሺ። «ለምን እንደምታስቆሚኝ አስረጂኝ» በያት፣ መብትሽ ነው። አንድ ነገር ግን አጥብቄ ላስጠንቅቅሽ። የሰውነት ሕክምና ነው ብሎ ሳያስፈቅድሽ የሚነካሽ ሰው ካጋጠመሽ ተነስተሽ ውጪ። ፈቅደሽም መሀል ላይ ሐሳብሽን መቀየር ትችያለሽ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ የዚያኑ ዕለት ሰው ይዘሽ ሆስፒታል ሂጂ።

ጥያቄ፦ ከደብረ ሲና ነኝ፣ የጭነት መኪና ሹፌር። ከ8 ወር በፊት ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ አደጋ ደረሰብኝ። ረዳቴ እግሩ ተሰበረ፣ እኔን ጭረት አልነካኝም። ከዚያ ወዲህ መሪ ስጨብጥ እጄ ይደነዝዛል። ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አየሁ፤ «ዓይንህን ጨፍን፣ ወደ ውስጥህ ግባ፣ ትንፋሽህን ተከተል» ይላል። ሞከርኩት። ጭራሽ ባሰብኝ፣ የምሞት ሁሉ መሰለኝ። ለእኔ አይሆንም ማለት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዘዴው ላንተ አልሆነ ይሆናል እንጂ መንገዱ አልተዘጋብህም። አደጋ ያየ ሰው ዓይኑን ሲጨፍን ሰውነቱ ጥበቃው የተነሳበት ይመስለዋል። ትንፋሽን መከታተልም ደረቱ ለሚጨነቅ ሰው የጭንቀቱን ማጉያ ይሆናል። ብዙ ሰው እንዳንተ ይሆናል፣ ቪዲዮዎቹ ግን ይህን አይናገሩም።

አንተ ከውጪ ጀምር። ዓይንህ ክፍት ይሁን። አንገትህን ቀስ አድርገህ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዙር፣ ሩቅ እይ፣ ተራራውን፣ መንገደኛውን። ከዚያ ሰውነትህ ላይ ምንም የማይልህን ቦታ ፈልግ። አንዳንዱ ሰው የጆሮ ጫፉ ነው ደህና የሚሰማው፣ አንዳንዱ ጉልበቱ። እዚያ ላይ ትንሽ ቆይ። ይሄ ሲለመድህ የቆመ መኪና ውስጥ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ በሩ ተከፍቶ፣ የምታምነው ሰው አጠገብህ ሆኖ ጥቂት ደቂቃ ተቀመጥ። እጅህ መደንዘዝ ሲጀምር ውረድ፣ መሬት ርገጥ፣ ዙሪያህን እይ፣ ከፈለግህ ተመለስ። ለመጽናት ብለህ አትታገል፣ ሳይብስብህ ውረድ። እጅህ እስኪታመን ድረስ ግን መንገድ ላይ አትንዳ፣ በተለይ በዚያ ቁልቁለት።

ደብዳቤህ ውስጥ በአንድ መስመር ያለፍከው ነገር አለ። ረዳትህ ተሰበረ፣ አንተን ጭረት አልነካህም። እጅህን የሚያደነዝዘው ምናልባት ጉሙ ብቻ ላይሆን ይችላል። ጥፋተኝነትን ተረከዝ በመጫን አይወጡትም። ረዳትህን ሄደህ ጠይቀኸው ይሆን? ካልሄድክ ሂድ፣ ከባለሙያ ጋርም ይህንኑ አውራ።

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ ነው የምጽፈው። አባቴ በደርግ ጊዜ ወታደር ነበሩ። እስካሁን ሌሊት እየጮኹ ይነሳሉ። ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል አይናገሩም፤ ስንጠይቃቸው ይቆጣሉ። ካልተናገሩ መታከም ይችላሉ? እናቴ ደግሞ ጠበል ይሻላቸዋል ትላለች።

መልስ፦ አባትሽ ታሪካቸውን ሳይዘረዝሩ መታገዝ ይችላሉ። ሰውነትን የማድመጥ ሕክምና አንዱ ጥቅሙ ይሄ ነው፤ ስለዚያ ዘመን ሳይሆን አሁን ትከሻቸው፣ ደረታቸው፣ እንቅልፋቸው እንዴት እንደሆነ ነው የሚጀመረው። ለእሳቸው ዕድሜና ክብር ይሄ ይቀላቸዋል። «አባዬ፣ የወገብዎንና የእንቅልፍዎን ነገር እንታይ» ብትያቸው «የአእምሮ ሐኪም ጋ እንሂድ» ከማለት ይሻላል፣ ውሸትም አይደለም። ሆስፒታል ስትሄዱ የደም ግፊታቸውም አብሮ ይታይ፣ ከዚያ የአእምሮ ጤና ክፍሉን ጠይቁ። አስቢው፣ ይህ ሕመም በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ ፒቲኤስዲ የሚለውን የዛሬ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። እሳቸው በወታደርነታቸው ዘመን ይህ ሕመም ነው ብሎ የሚነግራቸው ሰው ከየት ያገኛሉ?

ጠበሉን አትከልክሏቸው። ከሰው ጋር መሄዳቸው፣ መስገዳቸው፣ ቀዝቃዛው ውሃ ሰውነታቸውን መንካቱ ሊያረጋጋቸው ይችላል። መድኃኒት ከታዘዘላቸው ግን ለጠበል ብለው እንዳያቋርጡ።

ሌሊት ሲጮኹ አትነኳቸው። ነክቶ መቀስቀስ እሳቸውንም እናንተንም ይጎዳል፣ ጠላት የያዛቸው ሊመስላቸው ይችላልና። መብራት አብሪና በሩ ጋ ቁሚ። በለሰለሰ ድምፅ «አባዬ፣ እኔ ነኝ፣ መሐል ሜዳ ቤትዎ ነዎት» በያቸው። ሲነቁ ጥያቄ አታብዢባቸው፤ ውሃ ስጪያቸውና እስኪረጉ አብረሻቸው ተቀመጪ።