ስለ ሱስ በሚሰጠው የኮሌጅ ፈተና ለምትቀመጡ ልጆቼ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነርስነት የምትማር አንዲት ልጅ ቀረብ ብላ፣ «አባባ፣ የዲኤስኤስቲን የሱስ ፈተና በስንት ቀን አንብቤ ልለፈው?» ስትል ጠየቀችኝ። እዚህ አሜሪካ ክፍል ሳይገቡ የኮሌጅ ክሬዲት ከሚገኝባቸው ፈተናዎች አንዱ ነው፤ በ2 ሰዓት 100 ጥያቄ ይሠራል፣ 400 ነጥብ ያመጣ ተማሪ 3 ክሬዲት እንዲያዝለት የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት ይመክራል። «ሦስት ሳምንት ይበቃሻል» ብያት ሄድኩ፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ እኔም በማታ ኮሌጅ ይህንኑ ትምህርት ተፈትኜ ያለፍኩት በሦስት ሳምንት ጥናት ነበርና።

ያን ጊዜ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ አንድ ምድር ቤት ተከራይተን የምንኖር ሦስት ሰዎች ነበርን። በዕድሜ የሚበልጡን፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ ማታ ማታ ቮድካ ሳይዙ አይገቡም፤ ጠጥተው ግን ሰው አስቀይመው አያውቁም። በዐቢይ ጾም ቅበላ ዕለት ማታ በአራት ሰዓት የመጨረሻውን ብርጭቆ ጠጥተው፣ የተረፈውን ደፍተው፣ «ከነገ ጀምሮ አልቀምሰውም፣ ልጄ» አሉኝ። ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት ካለፍኩ ወር አልሞላኝም ነበርና እንደ ባለሙያ ሆኜ፣ «ደግ አደረጉ ጋሼ፣ ቁርጥ አድርጎ መተው ነው» አልኳቸው።

ሰኞ ማታ ቡና ስቀዳላቸው ሲኒው ከማስቀመጫው ጋር እየተጋጨ ተንቀጫቀጨ፤ ቡናው በጣቶቻቸው ላይ ፈሰሰ፣ ግንባራቸውንም ላብ አጥለቀለቀው። የባዶ ሆድ ነው ብዬ ዳቦ ቆረስኩላቸው። ማክሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ወጥ ቤት ውስጥ ወደቁ፤ ስደርስ ጥርሳቸው ገጥሞ፣ አካላቸው እየተንፈራገጠ ነበር። አብሮን የሚኖረው ልጅ ክብሪት ለኩሶ አፍንጫቸው ሥር ሲያስጠጋ እኔ 911 ደወልኩ። የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደጠጡ ሲጠይቀኝ ቆጠርኩ፤ 34 ሰዓት። አልኮል ሲቋረጥ የሚመጣው መንፈራገጥ በስንት ሰዓት ውስጥ ይነሣል የሚለው የፈተናው ጥያቄ ያኔ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ከ6 እስከ 48። ትክክለኛውን ክብ አጥቁሬ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ግድግዳው ላይ ጉንዳን ሲሄድ ያዩ፣ የሞቱ እናታቸውን ያነጋግሩ ጀመር። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ሲወድቁ የተሰበረው ዳሌያቸው ግን ወደ ሥራ አልመለሳቸውም። ወደ አገር ቤት ስንሸኛቸው «አንተ ባትኖር ኖሮ» ብለው መረቁኝ። በቅበላው ማታ ያልኳቸውን አላስታወሱትም፤ እኔም አላስታወስኳቸውም።

አልኮል ጋባ የተባለውን የአንጎል ማረጋጊያ ያበረታል፣ ግሉታሜት የተባለውን ቀስቃሽ ይጫናል፤ ለዓመታት የተጫነ አንጎል ሚዛኑን ለመጠበቅ ቀስቃሹን ያበረታና መጠጡ በድንገት ሲቀር ልጓም ያጣል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ በየቀኑ የጠጣ ሰው የሚያቆመው ሐኪም እየተከታተለው ነው። እንደ ቫሊየም ያሉ ጭንቀት ማረጋጊያ መድኃኒቶችም በድንገት ሲቋረጡ ሊገድሉ ይችላሉ፤ የሄሮይን መቋረጥ ግን ሥቃዩ ቢከብድም በራሱ የሚገድለው ከስንት አንዴ ነው። ይህን ልዩነት የተረዳ ተማሪ ብዙ ጥያቄ ይመልሳል።

የዛሬ ልጆች ስልካችሁ ላይ ጥያቄና መልስ ስታገላብጡ ትውላላችሁ፤ ፈጣኖች ናችሁ፣ ከመልሱ ጀርባ ያለው ሰው ግን ያመልጣችኋል ብዬ እፈራለሁ። ሽምደዳን ብነቅፍም አሜሪካ በ1970 እ.ኤ.አ. ዕፆችን ለመቆጣጠር ያወጣችውን ሕግ 5 የዕፅ መደቦች ከመሸምደድ በቀር መንገድ የለም። ጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን እጅግ ጥብቅ በሆነው 1ኛ መደብ፣ ዘመዱ ካቲን ደግሞ ላላ ባለው 4ኛ መደብ ላይ ናቸው። ልጅ ሆኜ አወዳይ ገበያ ጫቱ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ መኪኖቹ ሲከንፉ ጥድፊያው አይገባኝም ነበር፤ ካቲኖን ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ደካማው ካቲን እንደሚለወጥ ያወቅሁት እዚህ አገር ስማር ነው።

ለዚያች ልጅ ሦስት ሳምንት ያልኳትን አንሥቻለሁ። ስድስት ሳምንት ያዢ፤ ሁለቱን ለአልኮል ብቻ ስጪው፤ ከምሽቶቹም አንዱን ለማንም ክፍት በሆነ የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ (መጠጥ ለመተው የሚረዳዱ ሰዎች ማኅበር) ስብሰባ ላይ ተቀምጠሽ፣ ሰዎቹ መጠጥ ባቆሙባቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ምን እንደደረሰባቸው ሲናገሩ አዳምጪ።