ኮሌክሽን ሲሸጥ ሰባቱ ዓመት እንደ አዲስ አይጀምርም

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የተከራየሽውን አፓርትመንት ሊዙ ሳያልቅ ለቀሽ፣ ከ2020 ኦገስት ጀምሮ ያልተከፈለ ተብሎ 2,900 ዶላር ተጻፈብሽ። አሁን ደግሞ ስሙን ሰምተሽው የማታውቂው የኮሌክሽን (ያልተከፈለ ዕዳ ሰብሳቢ) ኩባንያ «የተከፈተበት 2023» ብሎ ክሬዲት ሪፖርትሽ ላይ አስገብቶታል። ዕዳው ሪፖርቱ ላይ የሚቆይበት ሰባት ዓመት ከ2023 ነው ወይ የሚቆጠረው፣ ብከፍለውስ ይጠፋልኛል ወይ ነው ያልሽው።

ከ2023 አይቆጠርም። የሚቆጠረው መክፈል ካቆምሽበት፣ ከዚያም ወዲህ ካላስተካከልሽው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው። ሕጉ የፌዴራል ስለሆነ ቨርጂኒያም ሆነ ሜሪላንድ፣ ሚኒሶታም ሆነ ቴክሳስ አንድ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ 180 ቀን ይታለፍና 7 ዓመት ይቆጠራል፤ ቢበዛ ሰባት ዓመት ተኩል ማለት ነው። ሪፖርቱን የሚያዘጋጁት ክሬዲት ቢሮዎች ግን ብዙውን ጊዜ ልክ ሰባት ዓመት ሲሞላው ያነሱታል። ያንቺ እንግዲህ በ2027 ኦገስት አካባቢ ይነሳል፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ከ2028 ፌብሩዋሪ አያልፍም። 2023 የሚለው አዲሱ ኩባንያ ዕዳውን የገዛበት ቀን ነው። አስር ጊዜ ቢሸጥ አስር «የተከፈተበት» ቀን ሊኖረው ይችላል፣ የመጀመሪያው ቀን ግን ንቅንቅ አይልም።

ይህን እንዴት እንዳወቅኩ ልንገርሽ። በ2016 እናቴ ታማ ደሴ ሄድኩ። ለሁለት ወር ብዬ አምስት ወር ቆየሁ። ክሬዲት ካርዴ ላይ 1,840 ዶላር ነበረ፣ ከኤፕሪል ጀምሮ አልከፈልኩም። ያኔ ዓይኔ የእናቴን አልጋ እንጂ ሌላ አያይም ነበር። ስመለስ ባንኩ ሒሳቡን ዘግቶ ለኮሌክሽን ሰጥቶታል። ደነገጥኩ፣ አፈርኩ፣ ከዚያ ዝም አልኩ። ፖስታ ሲመጣ ሳልከፍት ፍሪጁ ላይ መቆለል ጀመርኩ። እኛ ሰዎች ዕዳ ሲባል እቁብ የበላን ያህል ነው የምንሸማቀቀው።

በ2020 ቤት ልገዛ ሎን ኦፊሰር ዘንድ ስሄድ «ይሄ እኮ የቅርብ ጊዜ ነው» አለኝ። የምን የቅርብ? ወረቀቱን አዙሮ አሳየኝ፤ ሁለተኛው ኮሌክሽን ኩባንያ መጀመሪያ ያልተከፈለበት ቀን ብሎ 2018 ኦክቶበር ጽፏል። ሁለት ዓመት ተኩል ወደፊት ገፍተውታል! ይህ በሕግ የተከለከለ ነው፣ ግን ካልጮኽሽ ማንም አያርምልሽም።

መጀመሪያ በኦንላይን ዲስፒዩት አደረግኩ፣ ስህተት ነው ብዬ ተቃወምኩ ማለት ነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ «ተጣርቷል፣ ትክክል ነው» የሚል መልስ መጣ። ቢሮዎቹ ኩባንያውን «ልክ ነህ?» ብለው ጠይቀውት፣ እሱም «አዎ» ብሎ ነዋ። ባለቤቴ የጫማ ካርቶን ውስጥ የድሮ ወረቀት ታስቀምጥ ነበር። እዚያ ውስጥ የ2016 ሜይ የባንክ ስቴትመንት ተገኘ፣ ጠርዙ ላይ የቡና ቀለበት ያለበት፣ መሐሉ ላይ «ያለፈ ክፍያ» የሚል ቀይ መስመር። የሱን ኮፒ ከአንድ ገጽ ደብዳቤ ጋር አድርጌ ለሦስቱም፣ ለኤክስፒሪያን፣ ለኢኩዊፋክስና ለትራንስዩኒየን፣ በሰርቲፋይድ ፖስታ ላክሁ። ደብዳቤው ላይ የጻፍኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቀኑ ስህተት ነው፣ ማስረጃው ይኸው።» ዕዳው የኔ አይደለም አላልኩም፣ የኔ ነዋ። በ30 ቀን ውስጥ ማጣራት ግዴታቸው ነው፣ ቀኑ ተስተካከለ። በ2023 ሜይ ስከፍተው ከሦስቱም ላይ የለም። የክሬዲት ስኮሬም 40 ነጥብ ያህል ጨመረ።

ስለዚህ አሁኑኑ ሦስቱንም ሪፖርት አውጪ። አንዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ በየሳምንቱ በነፃ ይሰጣሉ፣ ካርድ ቁጥር ከጠየቀሽ የተሳሳተ ገጽ ላይ ነሽ። «የተከፈተበት» የሚለውን ተዪው። ትራንስዩኒየን ላይ የሚነሳበትን ወርና ዓመት ይጽፋሉ፣ ኤክስፒሪያን ላይ «እስከዚህ ድረስ ይቆያል» የሚል አለ፣ ኢኩዊፋክስ ላይ ደግሞ መጀመሪያ ያልተከፈለበትን ቀን ታገኛለሽ። ሦስቱ በጣም ከተራራቁ አንዱ ስህተት ሊሆን ይችላል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚያምታታው ቦታ ላይ ደረስን። ሪፖርቱ ላይ የሚቆይበት ጊዜና ሊከሱሽ የሚችሉበት ጊዜ ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች ናቸው። የክሱ ሰዓት በየስቴቱ ይለያያል፤ ሜሪላንድና ዲሲ 3 ዓመት፣ ቨርጂኒያ በጽሑፍ ለተፈረመ ውል 5 ዓመት። ያንቺ የተፈረመ ሊዝ ስለሆነ አምስቱን ያዢ። የሪፖርቱን ሰዓት ብትከፍዪም ባትከፍዪም ማንም ወደኋላ አይመልሰውም፣ የክሱን ግን በብዙ ስቴቶች ትንሽ ክፍያ ወይም «አዎ የኔ ነው፣ እከፍላለሁ» የሚል ጽሑፍ እንደ አዲስ ሊያስጀምረው ይችላል። እኔን በ2020 ደውሎ «ለቅን ልቦና ያህል ዛሬ 25 ዶላር ብቻ ክፈል» ያለኝ ሰውዬ ድምፁ ማር ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኼ ነው፤ እንኳን አልከፈልኩት። በስልክ ምንም ቃል አትግቢ፣ «በጽሑፍ ላኩልኝ» በይና ዝጊው። የመጀመሪያው ማሳወቂያ ከደረሰሽ በ30 ቀን ውስጥ ዕዳውን እንዲያረጋግጡልሽ በጽሑፍ መጠየቅ መብትሽ ነው።

የፍርድ ቤት ወረቀት ከመጣ ግን «ጊዜው አልፏል» ብለሽ ቤት እንዳትቀመጪ። ኮሌክሽን ኩባንያ ጊዜው ባለፈ ዕዳ መክሰስ ተከልክሏል፣ ሆኖም ሄደሽ ለዳኛው ካልተናገርሽ በሌለሽበት ይፈረድና ደሞዝሽ ሊቆረጥ ይችላል። ሰፈራችን አንድ ሰው እንዲሁ ነው የሆነው።

ክፈዪው ወይ? ከከፈልሽው አይጠፋም፣ «ተከፍሏል» ተብሎ እስከዚያው ቀን ይቆያል። ስኮር ከሚያሰሉት ቀመሮች ውስጥ ፋይኮ 9 እና 10፣ ቫንቴጅስኮር 3 እና 4 የተከፈለ ኮሌክሽን አይቆጥሩም፤ በብዛት የሚሠራበት ፋይኮ 8 ግን መነሻው ከ100 ዶላር በታች ካልሆነ በቀር ይቆጥራል። እኔ ብሆን በዚህ ዓመት ሌላ አፓርትመንት የምከራይ ከሆነ እከፍለዋለሁ፣ ምክንያቱም አከራይ ከስኮሩ ይልቅ «ሌላ አከራይ ላይ ዕዳ አለባት» የሚለውን ነው የሚያየው። የምትከፍዪ ከሆነ ዋጋውን አስቀንሺ፣ ከተቻለም ሲከፈል ከሪፖርቱ እንዲያነሱት ተስማሚ፤ ይህ ሁሉ ግን ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት በጽሑፍ ይሁን። ሁሉም እሺ አይሉም። የማትቸኩዪ ከሆነ ደግሞ ቀኑን ማስተካከሉ ላይ አተኩሪ።

ሌላዋ እህት ስለ ሆስፒታል ቢል ጠይቃ ነበር። እሱ የተለየ ነው፤ ከ2023 ኤፕሪል ጀምሮ ከ500 ዶላር በታች የሆነ የሕክምና ኮሌክሽን በሦስቱም ቢሮዎች ሪፖርት ላይ አይወጣም፣ የተከፈለም ከ2022 ጁላይ ጀምሮ ይሰረዛል፣ ከ500 በላይ የሆነው ዓመት ሳይሞላው አይገባም።

«800 ዶላር አምጪና ክሬዲትሽን አጸዳልሻለሁ» የሚል ሰው ደግሞ አይጠፋም፣ የራሳችን ሰዎችም አሉበት። ሥራውን ሳይጨርስ ገንዘብ መቀበል በሕግ ክልክል ነው፤ የሚጽፍልሽም ደብዳቤ እኔ ከጻፍኩት አይበልጥም።

ሪፖርቶቹን ስታወጪ የዚህ ዕዳ ቀን ያለበትን ገጽ ስምሽንና ቁጥሮቹን ሸፍነሽ ላኪልኝ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ፣ ቀኑ ከተዛባም የድሮ ደብዳቤዬን አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም እልክልሻለሁ።